ከሻይ በኋላ

ስሙኝማ። የዛሬው ትረካ ስለ አንድ ቤተሰብና ስለ ማታ ንባቡ ነው። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፣ ኋላ እንዳይምታታባችሁ።

ዘመኑ 1925፣ ወሩ ሴፕቴምበር ነው። በዮርክሽር ጠረፍ ፋይሊ በምትባል ከተማ አንድ መምህር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለዕረፍት መጥቷል። ትልቁ ልጅ ጆን ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ማይክል አምስት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ሦስተኛው ክሪስቶፈር ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ታዲያ ማይክል ከእርሳስ ብረት የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ትንሽዬ የአሻንጉሊት ውሻ ነበረው። ሙጭጭ ብሎ ይዞታል፤ እጁን ሲያስታጥቡት እንኳን አልለቅም ይላል። አንድ ቀን ከአባቱና ከወንድሙ ጋር ወደ ባሕሩ ወረደ። በውኃው ላይ ጠጠር ማንሸራተት አማረውና ውሻውን ዳርቻው ላይ አኖረው። ሲመለስ የለም። ጠጠር በጠጠር በሆነ ዳርቻ ላይ ያን የምታክል ነገር ከየት ትገኝ! ያን ቀን ፈለጉ፤ ከዚያም በኋላ ተመላልሰው ፈለጉ። አልተገኘም። ልጁ አንጀቱ አረረ።

ሌላ አባት ቢሆን ከተማ ወጥቶ ምትኩን ይገዛ ነበር። ይሄኛው ግን ተረት አመጣ። ያ ውሻ አሻንጉሊት ሆኖ አልተፈጠረም አላቸው። ሮቨር የሚባል፣ የሚጮኽ የሚሮጥ እውነተኛ ውሻ ነበር፤ የአንድ አስማተኛ ሱሪ ቢነክስ ነው አስማተኛው ተቆጥቶ አሻንጉሊት ያደረገው። ከዳርቻው የታጣውም መንገድ ስላለበት ነው። በባሕር ወፍ ጀርባ ተሳፍሮ ጨረቃ ላይ ይወጣል፤ ከጨረቃዋ ሰውዬ ዘንድ ይሰነብታል፤ ከዚያ ደግሞ ባሕሩ ሥር ይወርዳል። ተረቱ በየጊዜው እየተጨመረበት አደገ፤ ኋላም በጽሑፍ ሰፈረ። ሮቨራንደም በሚል ስም ታትሞ የወጣው በ1998 ነው፤ ጸሐፊው ካረፈ ከ25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ያ መምህር ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን ነበር፤ የሆቢቱና የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደራሲ። ፊልሙን ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ስለ ሰውዬው ሲወራ ጢስ ባፈነው ክፍል ብቻውን ተቆልፎ፣ ቋንቋ እየፈለሰፈ፣ ዓለም እየፈጠረ የኖረ ምሁር ተደርጎ ነው። ቋንቋ መፈልሰፉስ እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፎቹ የተመዘኑት በልጆች ጆሮ ነው፤ ልጅ ደግሞ ይሉኝታ የሌለው ዳኛ ነው። ትረካዬም ስለነዚያ ዳኞች ነው።

በዚያው በ1925 ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1929 ፕሪሲላ ተወለደችና ልጆቹ አራት ሆኑ። በ1930 ደግሞ ኖርዝሙር በሚባለው ጎዳና ከቁጥር 22 ወደ ጎረቤቱ ቁጥር 20 ተዛወሩ፤ ሰፋ ያለ ቤት ነው። ፕሮፌሰር ነው ስላልኳችሁ ገንዘብ የተረፈው እንዳይመስላችሁ። አራት ልጅ ማሳደግ የትም አገር ያው ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት እያረመ ደመወዙን ይደጉም ነበር። ክምር ወረቀት፣ አሰልቺ ሥራ። አንድ ቀን ታዲያ አንዱ ተፈታኝ አንድ ገጽ ሙሉ ባዶውን ትቶለት አገኘ። እኔም ወረቀት አርሜ አውቃለሁና የሚሰጠው ደስታ ይገባኛል። ቶልኪን በዚያ ባዶ ገጽ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር ሆቢት ስለሚባል ፍጡር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ሆቢት ምን እንደሆነ እሱም ገና አላወቀም ነበር።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። በብርዱ ወራት ማታ ማታ ሻይ ከተጠጣ በኋላ አባትየው ለወንዶቹ ልጆች ያነብላቸዋል። ይህን ያወቅነው ክሪስቶፈር በዲሴምበር 1937 ለገና አባት ከጻፈው ደብዳቤ ነው። አባቱ ሆቢቱን ከብዙ ጊዜ በፊት እንደጻፈው፣ ለጆን፣ ለማይክልና ለእሱ እንዳነበበላቸው፣ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ግን በታይፕ ሳይመቱ በረቂቅ እንደቆዩ በደብዳቤው ዘርዝሯል። የዚያን ደብዳቤ ተቀባይ ልንገራችሁ? ራሱ አባትየው ነው! ከ1920 ጀምሮ ገና በመጣ ቁጥር ከሰሜን ዋልታ ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር፤ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ጽሑፍ ያለው፣ በእጅ የተሣለ ቴምብር የተለጠፈበት፣ የገና አባትና ነገር የሚያበላሽበት ረዳቱ የዋልታው ድብ ያደረጉትን የሚያወራ ደብዳቤ። አንዳንዱን ፖስታ አመላላሹ ነው የሚያመጣው፤ ተባባሪ ሆኖላቸው ኖሯል። ይህ ከ20 ዓመት በላይ ቀጠለ። ክሪስቶፈር በ13 ዓመቱ የገና አባት ማን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ቢያውቅም ጨዋታውን ማን ያፈርሳል?

የሚነበበው የአባትየው ድርሰት ብቻ አልነበረም። በ1927 የወጣ፣ ዋይክ ስሚዝ የሚባል ደራሲ ስለ ስነርጎች አገር የጻፈው የልጆች መጽሐፍ ነበር። ስነርጎች ከጠረጴዛ እምብዛም የማይበልጡ፣ ግብዣ የሚወዱ ትንንሽ ሰዎች ናቸው። የቶልኪን ልጆች ያን መጽሐፍ እጅግ ወደዱት። ብዙ ዓመት ቆይቶ ቶልኪን ሆቢቶቹ ሳይታወቀው ከዚያ መጽሐፍ ሳይቀዱ እንዳልቀሩ ጽፏል። ልጆቹ ምን ሲነበብላቸው እንደሚስቁ፣ ምን ሲነበብላቸው እንደሚያዛጉ እያየ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

ምን ሲነበብላቸው እንደሚደነግጡም ያውቃል። ሆቢቱን ያነበባችሁ ጨለማው ጫካ ውስጥ ስላሉት ግዙፍ ሸረሪቶች ታስታውሳላችሁ። ከልጆቹ አንዱ፣ ማይክል፣ ሸረሪት ሲያይ ነፍሱ ትወጣ ነበር። ቶልኪን ኋላ ሲጠየቅ ሸረሪቶቹን ያስገባው ያን ልጅ በደንብ ለማስደንገጥ ብሎ እንደሆነ፣ እንደተሳካለትም ሳያፍር ተናግሯል። ጭካኔ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ አልልም። በአባቱ ድምፅ፣ በምድጃው እሳት አጠገብ የሚደነግጥ ልጅ ነገ ደግሞ ቀጥልልኝ ነው የሚለው።

ከሁሉም የምወደው ግን የክሪስቶፈርን ነው። ያን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመቱ ነው። አባትየው ስለ ሆቢቱ ቢልቦና ስለ ድንኩ ቶሪን እያነበበ ሳለ ትንሹ ልጅ አቋረጠው። ባለፈው ጊዜ የቢልቦ በር ሰማያዊ ነው ብለህ ነበር፤ የቶሪን ቆብ ላይ ያለው ዘርፍም ወርቃማ ነው ብለህ ነበር፤ አሁን ግን በሩን አረንጓዴ አልከው፣ ዘርፉንም የብር አደረግከው ብሎ ሞገተው። አባትየው በጥርሱ ልጁን እየረገመ ከወንበሩ ተነሣና ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ማስታወሻ ያዘ።

አያችሁ፣ ተቆጥቶም ቢሆን ጻፈው። ስንቱ አባት ነው ዝም ብለህ ስማ የሚለው! ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ያዳመጠ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ጮክ ተብሎ የተነበበ ነገር ጆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ዓይን የዘለለውን ጆሮ ይይዘዋል። የልጅ ጆሮ ሲሆን ደግሞ የበር ቀለም እንኳን አያመልጠውም። ይህን ቶልኪን አሳምሮ ያውቅ ስለነበር መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ክሪስቶፈር ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ሥራ ሰጠው፤ የኅትመት ስህተት ለቅመህ አውጣልኝ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ፔኒ እከፍልሃለሁ አለው። ልጁም ለቀመ።

መጽሐፉ እንዴት ታተመ ላላችሁኝ፣ እሱም በልጅ እጅ ነው የተወሰነው። ረቂቁ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ በጆርጅ አለንና አንዊን ማተሚያ ድርጅት የምትሠራ ሱዛን ዳግናል የምትባል ሴት እጅ ገባ። አንብባ ወደደችው፤ ጨርሰው አለችው። ቶልኪንም ጨርሶ በ1936 መጸው ላይ ላከ። የድርጅቱ ባለቤት ስታንሊ አንዊን ደግሞ አንድ እምነት ነበረው፤ የልጆች መጽሐፍ የሚዳኘው በልጅ ነው ይላል። ስለዚህ ረቂቁን ለሐያሲ አልሰጠም። ለገዛ ልጁ ለሬይነር ሰጠው፤ ሬይነር አሥር ዓመቱ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ልጁ አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ ያቀርባል፣ አንድ ሽልንግ ይቀበላል። ሬይነር በኦክቶበር 30 ቀን ፊደሉ የተሳሳተበትን አጭር ዘገባውን አቀረበ። ታሪኩን በልጅ አማርኛ፣ ይቅርታ፣ በልጅ እንግሊዝኛ አሳጠረና ካርታ ስላለው ሥዕል እንደማያስፈልገው፣ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆችን ሁሉ እንደሚያስደስት ፈረደ። አሥር ዓመት የሞላው ሰው ከዘጠኝ በታች ላሉት ሲፈርድ ታዩልኛላችሁ? ከእሱ እኩዮች ማንም እንዲያነበው አላሰበም!

ሥዕሉን በተመለከተ አልሰሙትም፤ ቶልኪን ራሱ ሣለበት። በቀረው ፍርዱ ጸና። ሆቢቱ በሴፕቴምበር 21 ቀን 1937 በ1,500 ቅጂ ወጣ፤ ገና ሳይደርስ አለቀ።

አሳታሚው ወዲያው ሌላ አምጣ አለ። ቶልኪን የቀጣዩን መጽሐፍ፣ የዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን፣ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲልክ የሬይነርን አስተያየት ነበር የጠየቀው። ሬይነርም ወደደው፤ ከዚያ በኋላ በመጡት ምዕራፎች ላይ ግን የሆቢቶቹ ወሬ በዝቷል የሚል አስተያየት ከአባትና ከልጅ ተላከ። ቶልኪን ሆቢቶች ሲያወሩ መስማት ሱሱ ነበርና ትንሽ አመመው፤ ልክ ናችሁ ብሎ ግን ተቀበለ።

በዚህ መሐል ሌላ ፉክክር አለ፤ አጠር አድርጌ ላንሣው። የቶልኪን ወዳጅ ሲ ኤስ ሉዊስ፣ እኛ የምንወደው ዓይነት ታሪክ የሚጽፍልን ጠፍቷልና ራሳችን መጻፍ ሳይኖርብን አይቀርም አለው። ዕጣ ተጣጣሉ፤ ለሉዊስ የጠፈር ጉዞ፣ ለቶልኪን የዘመን ጉዞ ደረሰ። እኛ ዛሬ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምንለው መሆኑ ነው፤ የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ ከእጅ ወደ እጅ ያዞረ አንባቢ አይከብደውም። ሉዊስ ቃሉን ፈጸመ፤ አንድ የቋንቋ ምሁር ተጠልፎ ማርስ ላይ የሚወርድበትን መጽሐፍ በ1938 አሳተመ። ያ ምሁር ቶልኪንን ይመስላል የሚሉ አሉ፤ ሥራው መቼም የሱው ነው። ቶልኪን ግን ጥቂት ምዕራፍ ጽፎ ተወው። ያ ያልተጨረሰ ጽሑፉ ደግሞ ስለምን መሰላችሁ? ዘመን ለዘመን ወደ ኋላ እየተጓዙ ስለሚገናኙ አባቶችና ልጆች ነበር። በ1987 ከወረቀት ክምር አውጥቶ ያሳተመው ክሪስቶፈር ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ቤቱ ተበተነ። ማይክልም ክሪስቶፈርም ዘመቱ። ቤት የቀረችው ፕሪሲላ በ14 ዓመቷ የአዲሱን መጽሐፍ አንዳንድ ምዕራፎች በታይፕ መታች። ክሪስቶፈር አየር ኃይል ገብቶ በ1944 መጀመሪያ ላይ ለበረራ ሥልጠና ደቡብ አፍሪካ ተላከ። አባቱ የተወለደበት አገር ነው፤ ቶልኪን በ1892 ብሉምፎንቴን ነው የተወለደው። አሁን ምን ይሁን? ከሻይ በኋላ የሚሰማው ልጅ በባሕርና በበረሃ ማዶ ነው። አባትየው መጽሐፉን ከወራት ድርቀት በኋላ እንደገና ጀመረ። ሆቢቶቹ ፍሮዶና ሳም ወደ ጨለማው አገር ወደ ሞርዶር የሚያዘግሙበትን ክፍል ምዕራፍ በምዕራፍ እየጻፈ፣ እያስመታ፣ በፖስታ ሰደደለት። በደብዳቤዎቹ ስለ ምግብ ራሽን፣ ስለ ዶሮዎቹና ስለ ብስክሌቱ ጎማ እያወራ በመሐል የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰ፣ ማን እንደተማረከ፣ ምን እንደቸገረው ይነግረዋል። ወታደሩ ልጅም አንብቦ ይመልሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ አድማጭ ባይኖር መጽሐፉ እዚያው ድርቀቱ ላይ ይቀር ነበር።

ሰላም ሆነና ክሪስቶፈር ተመለሰ። ሉዊስ በማግደለን ኮሌጅ ባለው ክፍሉ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወዳጆቹን ይሰበስብ ነበር፤ ኢንክሊንግስ ይባላሉ፤ ረቂቃቸውን ጮክ ብለው እያነበቡ ይተቻቻሉ። በ1945 የ20 ዓመቱን ክሪስቶፈር አባቱ መጣም ቀረም በራሱ አባል ነህ አሉት። ቶልኪን ሲያነብ ይቸኩላል፣ ቃላት ይውጣል፤ ተማሪዎቹም በዚህ ያሙት ነበር። ልጁ ግን ጥርት አድርጎ ያነባል። ስለዚህ የአዲሱ መጽሐፍ ምዕራፎች በልጁ ድምፅ ይነበቡ ጀመር። አንባቢው ልጅ፣ አድማጩ አባት ሆኑ ማለት ነው። ሁሉም አልወደደውም፤ ሁጎ ዳይሰን የሚባለው አባል በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ኤልፍ የሚባሉ ፍጡራን ሰልችተውት ማጉረምረም ያበዛ ነበር። ማኅበር ነዋ፣ አንድ አጉረምራሚ አይጠፋውም።

መጽሐፉ አለቀ፤ ግን እጅግ ረዝሟል፤ ወረቀት ውድ ነው። ቶልኪን ከአንዊን ጋር ተቀያይሞ ወደ ሌላ አሳታሚ ሄዶ ነበር፤ እዚያም አልሆነለትም። በ1952 አንድ ሰው ደብዳቤ ጻፈለት፤ ያ የሽልንጉ ልጅ ሬይነር ነው! አድጎ በአባቱ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ረቂቁን ተቀብሎ ሒሳብ ሠራ፤ አንድ ሺህ ፓውንድ ሊያከስር ይችላል የሚል ውጤት አገኘ። አባቱ በጉዞ ላይ ነበርና በጽሑፍ ጠየቀው። ስታንሊ አንዊንም ሥራው የላቀ ነው ብለህ ካመንክ አንድ ሺሁን ፓውንድ ክሰር ብሎ ፈቀደለት። ውሉ ኪሳራውን እንዲያቃልል ተደርጎ ተጻፈ፤ ቶልኪን ቅድሚያ ምንም አይቀበልም፣ ወጪው ከተመለሰ በኋላ ግን ትርፉን እኩል ይካፈላል። አሳታሚው ለጥንቃቄ ያሰበው ውል ደራሲውን ባለጸጋ አደረገው። ሦስቱ ቅጾች በ1954ና በ1955 ወጡ፤ ካርታውን የሣለው ክሪስቶፈር ነው።

ቶልኪን በ1973 አረፈ፤ የተወው የወረቀት ክምር ነበር፤ አንዱ በእርሳስ፣ አንዱ በቀለም፣ አንዱ በሌላው ላይ የተጻፈ። ክሪስቶፈር በኦክስፎርድ መምህር ነበር፤ በ1975 ሥራውን ለቀቀና ወረቀቱን ይዞ ተቀመጠ። ጋይ ጋቭርየል ኬይ በሚባል ካናዳዊ ወጣት እየታገዘ ከወረቀቱ ያሰናዳውን ሲልማሪሊየን የተባለ መጽሐፍ በ1977 አወጣ። ከዚያ ከ1983 እስከ 1996 ድረስ አባቱ ምን ጽፎ ምን እንደሰረዘ የሚያሳዩ 12 ቅጾች አሳተመ። በነዚህ ቅጾች ውስጥ የራሱን ሥራም ምሕረት አላደረገለትም። በሲልማሪሊየን ጊልጋላድ የተባለውን ንጉሥ የሌላው ንጉሥ የፊንጎን ልጅ ብሎ አስገብቶት ነበር። ከኋለኞቹ ቅጾች በአንዱ ላይ ወረቀቶቹን እንደገና በጥልቀት ሲመረምር ያ ሐሳብ ለአባቱ የአንድ ሰሞን ሐሳብ ብቻ ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ። የመጨረሻው ቅጽ ሲወጣ ዕድሜው 71 ነበር።